ንስሩና ሦስቱ ጓደኛሞች

የፋብሪካን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በትርፍና በኪሳራው ላይ ነው። የጣሊያኑን የሞቶ ጉዚን ታሪክ ሳነብ ግን ያረፈው በሞተር ብስክሌቶቹ አርማ ላይ ነበር። አርማው ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው፤ የአንድ ሟች መታሰቢያ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሦስት ወጣቶች በጣሊያን ባሕር ኃይል የአየር ክፍል ተገናኙ። ካርሎ ጉዚ መካኒክ፣ ጆርጆ ፓሮዲና ጆቫኒ ራቬሊ አብራሪዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በጋራ ሞተር ብስክሌት ለመሥራት መከሩ፤ ጉዚ ሊነድፍ፣ ፓሮዲ ከባለ መርከብ አባቱ ገንዘብ ሊያመጣ፣ ራቬሊ በእሽቅድምድም ስማቸውን ሊያስጠራ። ራቬሊ ግን በ1919 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የቀሩት ሁለቱ በ1921 በኮሞ ሐይቅ ዳርቻ፣ በማንዴሎ ዴል ላሪዮ ሥራቸውን ሲጀምሩ የአብራሪዎችን ንስር ምልክታቸው አደረጉት።

ከዚያ የክብር ዘመን መጣ። የዓለም ሻምፒዮናዎችን አሸነፉ፤ በ1955 ባለ ስምንት ሲሊንደር የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት አቀረቡ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ፓሮዲ አረፈ። በ1957 ከታላላቅ ውድድሮች ወጡ። ርካሽ መኪና የጣሊያን ቤተሰብ ደጅ ሲደርስ ሞተር ብስክሌት ገዢ አጣ። ጉዚም በ1964 ሞተ፤ ፋብሪካው በዕዳ ተውጦ በ1967 በሌላ ድርጅት እጅ ገባ።

የሚገርመው፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ቤት ነው። ጁሊዮ ቼዛሬ ካርካኖ የነደፈው፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የወጡት ሞተር በቪ7 ላይ ተገጥሞ በ1967 ለገበያ ቀረበ። ፖሊስም ሠራዊትም ገዛው። ኩባንያው ከዚያ በኋላም ባለቤት መለወጡን አላቆመም፤ በ1973 ለዴ ቶማሶ፣ በ2000 ለአፕሪሊያ፣ በ2004 ለፒያጆ ተላለፈ። በ2007 ያው የጥንቱ ቪ7 በአዲስ መልክ ተመለሰ፤ በ2021 ኩባንያው መቶ ዓመት ሞላው። ሥራው ዛሬም ማንዴሎ ነው።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚይዘው አንድ ትንሽ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ብስክሌት የጉዚንና የፓሮዲን ስሞች የመነሻ ፊደላት ይዞ ነበር። ፊደላቱ የጆርጆ ፓሮዲ ብቻ ሊመስሉ ስለሚችሉ ተተዉ፤ ስሙም ሞቶ ጉዚ ሆነ። እነሆ፣ ጉዚ ስሙን አገኘ፤ ራቬሊ ንስሩን አገኘ። ገንዘቡን ያመጣው ፓሮዲ ግን በሞተር ብስክሌቱ ላይ ምልክት የለውም። ሦስተኛውን ጓደኛ የምፈልገው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።