የአዲስ አበባ ስታዲዮምና የጥር 13 ቀን ድል

ከለገሐር ወደ መስቀል አደባባይ ስንሄድ የምናየው ስታዲዮም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ይባል ነበር። እርሱ ሳይሠራ ኳስ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ጃን ሜዳ ይወጣ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋራ የተሰለፉት የግሪኮች፥ የአርመኖች፥ የኢጣልያኖችና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድኖች ናቸውና፥ የከተማይቱ ኳስ ከጅምሩ የብዙ ወገኖች መገናኛ እንደ ነበረ እንረዳለን።

ሆኖም ከሕንፃው ድንጋይ ይልቅ በውስጡ የተፈጸመው ነገር ይበልጣል ብለን እናምናለን። የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በካርቱም፥ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ከግብፅ ጋራ ተጋጥማ ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ እንግዲህ ስታዲዮሙ የተቀበለው እንግዶቹን ብቻ ሳይሆን የእነዚያን ስምንት ጎሎች ትዝታ ጭምር ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለተኛ ቀኑ። ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜው ደርሷል፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፥ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ አገቡ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግ፥ ሕዝቡ እልልታውን ሳይጨርስ በሚቀጥለው ደቂቃ ደገሙ። በ84ኛው አምበሉ ራሱ መለሰ። በተጨመረው ጊዜ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን በገዛ እጃቸው ለአምበሉ ሰጡ። ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአሥመራ የተወለደ ሰው፥ ወረራው ባበቃ በ21 ዓመት ውስጥ፥ የኢትዮጵያን ዋንጫ ሲቀበል መታየቱ፥ በእኛ ግምት፥ ከጎሎቹ የማያንስ ታሪክ ነው።

በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ ስታዲዮሙ ተመለሰ፤ ዋንጫውን የወሰዱት ግን ኮንጎ ኪንሻሳና ሞሮኮ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ኮንፌዴሬሽኑ ስለ ሜዳዎች ያወጣው መለኪያ እየጠበቀ ሄደ። በ2014 ዓ.ም. መለኪያውን ያሟላ ስታዲዮም በአገራችን ስላልተገኘ፥ ቡድናችን የባለሜዳነት ጨዋታውን በማላዊ ርእሰ ከተማ በሊሎንግዌ ለማድረግ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም እዚያው ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ባለሜዳ ሆኖ ሳለ ድሉን ከሩቅ ተከታተለ።