የሰርተፊኬት ፕሮግራም መዘጋት (በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች)

የሰርተፊኬት ፕሮግራም መዘጋት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በሚሰጠው አጭር የትምህርት ዘርፍ አዲስ ተማሪ መቀበሉን አቁሞ ዘርፉን ከካታሎጉ የሚሰርዝበት አስተዳደራዊ ሂደት ነው። ሰርተፊኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ይይዛል፤ ለብቻው ወይም ከዲግሪ ጎን ለጎን ይወሰዳል።

ምክንያቶች

በተለምዶ የሚጠቀሱት የተመራቂ ማነስ፣ የመምህራን መልቀቅ፣ የበጀት እጥረትና የኮርሶች መደራረብ ናቸው።

ሂደት

ዝርዝሩ ከተቋም ተቋም ይለያያል። በብዙዎቹ ዘንድ ሐሳቡ ከትምህርት ክፍሉ ይነሣል፤ የኮሌጁ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴና የመምህራን ሴኔት ይመረምሩታል፤ ከዚያም ለአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊው፣ እንደ ደንቡም ለቦርድ ይቀርባል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ያዘጋጀው የ1966 መግለጫ ሥርዓተ ትምህርትን በቀዳሚነት የመምህራን ኃላፊነት ያደርጋል፤ የመጨረሻውን ሥልጣን ግን ለቦርዱ ይተዋል። መግለጫው የሕግ አስገዳጅነት የለውም።

የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ውሳኔ

በስፋት ከተዘገቡት መካከል አንዱ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ቦርድ በስቴቱ ገዥ የሚሾሙ 9 ድምፅ ሰጪ አባላት አሉት። ቦርዱ በኖቬምበር 2024 በሙሉ ድምፅ 52 ፕሮግራሞች እንዲዘጉ መመሪያ ሰጠ፤ ከእነዚህ 38ቱ ሰርተፊኬቶች፣ 14ቱ ማይነሮች (ተማሪው ከዋናው የትምህርት ዘርፉ ጎን የሚወስዳቸው ንዑስ ዘርፎች) ነበሩ።

የውሳኔው መነሻ አከራካሪ ነው። አስተዳደሩ እንደሚለው፣ ፕሮግራሞቹ የተለዩት የተመዝጋቢና የተመራቂ ቁጥራቸው ከተቀመጠው መስፈርት በታች በመሆኑ ነው። ተቺዎች ግን ነገሩን ወደ ጃንዋሪ 2024 ይመልሱታል፤ የስቴቱ ምክር ቤት አባል ብራያን ሃሪሰን ከማይነሮቹ አንዱን፣ የተመሳሳይ ጾታ ጉዳዮችን የሚያጠናውን፣ በይፋ የተቃወሙት ያኔ ነበር። በእነርሱ አመለካከት የቁጥር መስፈርቱ የመጣው ከፖለቲካ ግፊቱ በኋላ ነው። ሁለቱ ማብራሪያዎች የግድ የሚቃረኑ አይመስሉም፤ ግፊት የጀመረው ግምገማ እውነተኛ የቁጥር ማነስም ሊያገኝ ይችላል።

መምህራን ሁለት ነጥቦችን አንሥተዋል። አንደኛው በሂደቱ ሐሳባቸው በበቂ አለመጠየቁ ነው። ሁለተኛው ወጪን ይመለከታል፦ ማይነርም ሆነ ሰርተፊኬት በአመዛኙ ለዲግሪ ተማሪዎች ከሚሰጡ ኮርሶች ስለሚዋቀር፣ መዘጋቱ የሚያድነው ገንዘብ ጥቂት ነው። ይህ ክርክር ከቴክሳስም ባሻገር ይሠራል፤ ኮርሱ መሰጠቱን ከቀጠለ የሚሰረዘው በዋናነት ተማሪው ያጠናውን የሚመሰክርለት ወረቀት ነው።

የተመዘገቡ ተማሪዎች

በ11 የደቡብ ስቴቶች የሚገኙ ኮሌጆችን የሚገመግመው የዕውቅና ኮሚሽን ፕሮግራም የሚዘጋ ተቋም የማስጨረሻ ዕቅድ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ዕቅዱ አዲስ ቅበላ የሚቆምበትን ቀን፣ ለተማሪዎችና ለሠራተኞች የሚሰጠውን ማስታወቂያ፣ ተማሪዎቹ ሳይጉላሉ የሚጨርሱበትን መንገድና ተጨማሪ ክፍያ ካለ እርሱን ያመለክታል። ዋናው ኃላፊነት ተማሪዎቹን ማስጨረስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙን የመዝጋት መብት ቢኖረውም፣ ተማሪው የተመዘገበው የገባበት ዓመት ካታሎግ ያስቀመጠለትን አምኖ ነው፤ የጀመረውን እንዲጨርስ ዕድል መስጠት እንደ ችሮታ ሊታይ አይገባም።

መምህራን

የማስጨረሻ ዕቅዱ የሚነኩ ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ ስለሚዛወሩበት ወይም አዲስ ሥራ በማግኘት ስለሚረዱበት ሁኔታም ያብራራል።

ከመዘጋት በኋላ

ቀደም ሲል የተሰጡ ሰርተፊኬቶች በተመራቂዎቹ ትራንስክሪፕት ላይ ይቆያሉ።