ፖሊስን መታዘብ፦ ሒስባ ወይስ ተጀሱስ?

በአሜሪካ «ኮፕዋች» የሚባለው ዜጎች የፖሊስን አያያዝ በአደባባይ ቆመው የሚታዘቡበት ተግባር ነው። አንዱ ሥሩ ኦክላንድ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት ጠመንጃና የሕግ መጽሐፍ ይዘው የፖሊስ መኪና ይከተሉ ነበር። ካሊፎርኒያም በ1967 ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን በሕግ ከለከለች። በ1990 የተቋቋመው የበርክሌይ ኮፕዋች ግን ደብተርና ካሜራ ነው የያዘው፦ ራቅ ብሎ መቆም፣ በፖሊስ ሥራ ጣልቃ አለመግባት፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የፖሊሱን መለያ ቁጥር መመዝገብ።

ቪዲዮ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። በ1991 በሎስ አንጀለስ የሮድኒ ኪንግ ድብደባ በግልጽ ተቀርጾ ሳለ አራቱ ፖሊሶች በግዛቱ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አልተባሉም፤ ሁለቱ የተፈረደባቸው በ1993 በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ሆኖም በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሲሞት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ነገሩን የጤና እክል አስመስሎት ነበር። ይህን ያፈረሰው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ምስል ነው።

በሸሪዓ በኩል የሚነሳው ጥያቄ ተጀሱስ ነው። ሱረቱል ሑጁራት (49፡12) የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ስለ ሒስባ ሲጽፉ ሙንከሩ ያለ ስለላ የሚታይ መሆን እንዳለበት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። መንገድ ላይ የሚፈጸም ድብደባ ማንም አልፎ ሂያጅ የሚያየው ስለሆነ በእኔ እይታ ከክልከላው ውጪ ነው። እንዲያውም ዑመር (ረ.ዐ) በግድግዳ ተንጠላጥለው ኃጢአተኛን እንደያዙ በሚነገረው ታሪክ ውስጥ በመሰለል የተወቀሱት ባለሥልጣኑ ናቸው!

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ካሜራው ፖሊሱን ሲቀርጽ መሬት ላይ የወደቀውን፣ ሒጃቧ የተገፈፈውን እህትም ይቀርጻል። የእሷን ነውር መሸፈን (ሰትር) ግዴታችን ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፉ በፊት ለራሷ ወይም ለጠበቃዋ ይድረስ። ጥሩ ቪዲዮ ለማግኘት ፖሊስን በስድብ መተንኮስም መታዘብ አይባልም፤ መዘዙ የሚያርፈው በተያዘው ሰው ላይ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» ዝምታን፣ ነጭ ወረቀትንና እንደታሰረ ሰው የተጠላለፉ እጆችን መምረጡ ለዱላ ሰበብ አይሰጥም ነበር። እስሩ ግን አልቀረም፤ ሐምሌ ላይ የኮሚቴው አባላት ተያዙ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰልፈኛው ፊት ጎልቶ የሚታይበት ቪዲዮ ለአሳሪውም ማስረጃ ይሆናል።