አንበሪን የሚካፈሉ ሰዎች
በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ወንጌል፣ ዮናስን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በሆዱ ያሳደረው ፍጥረት «ዓሣ አንበሪ» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ዓሣ ነባሪ ማለት ለምደናል፤ የቀድሞው ስም ግን አንድ ምስጢር ይዟል። ከግእዝ የመጣው ይህ ቃል ከዐረብኛው «ዐንበር» ጋር ይዛመዳል። ዐንበር ከጥንት ጀምሮ ለሽቶ መሥሪያ በውድ ዋጋ ሲሸጥ የኖረ፣ ማዕበል ወደ ዳርቻ የሚተፋው ጠጣር ነገር ነው። የሚፈጠረውም ጥርስ ካላቸው አንበሪዎች ሁሉ በሚገዝፈው አንጀት ውስጥ ነው። አብዛኞቻችን በስም ብቻ የምናውቀውን ይህን ፍጥረት በእጅ ጦር አድኖ፣ እንደ ቅርጫ በሬ መድቦ የሚካፈል መንደር በምድር ላይ አለ። ስሙም ላማሌራ ይባላል።

ላማሌራ የኢንዶኔዥያ መንደር ናት። ከጃቫ ወደ ምሥራቅ ደሴቶቹ እንደ መቁጠሪያ ተሰድረዋል፤ ባሊ፣ ሎምቦክ፣ ሱምባዋ፣ ፍሎሬስ እያሉ ይቀጥሉና ሌምባታ ከተባለችው ደሴት ይደርሳሉ። የቀድሞ ካርታዎች ሎምብሌን ይሏታል። መንደሪቱ በደሴቲቱ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከላባሌካን ተራራ ግርጌ፣ የሳቩን ባሕር ፊት ለፊት እያየች ተቀምጣለች። መሬቷ ድንጋያማ ቁልቁለት ነው፤ ዝናቧም አጭር ነው። ከደጃፏ ጥቂት እንደ ተራመዱ ግን ባሕሩ ድንገት ይጠልቃል። ጥልቅ ውኃ የሚወደው ታላቁ አንበሪም በዚያ በኩል ያልፋል። እርሻ የነፈጋቸውን ባሕሩ ሰጣቸው ማለት ይቻላል።

ሽማግሌዎቿ እንደሚተርኩት አባቶቻቸው የዚያ አገር ተወላጆች አልነበሩም። ከሱላዌሲ ተነሥተው በብዙ ደሴቶች ዞረው ላፓን ባታን በምትባል ትንሽ ደሴት ሰፍረው ነበር። ባሕር ተነሥቶ ያቺን ምድር ባጠፋት ጊዜ በጀልባ ሸሽተው ወደ ሌምባታ መጡ። በዚያም የአገሩን ባለ ርስቶች ለምነው በጠረፉ ላይ መቀመጫ አገኙ። ይህ ትረካ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ እንደ ውል እየሠራ ኖሯል። የባለ ርስቶቹ ዘሮች በየዓመቱ የአደን ወራት ሲከፈት ከተራራው እስከ ባሕሩ ወርደው አንበሪውን የመጥራት ሥርዓት ይፈጽማሉ፤ አንበሪ በተገደለ ጊዜም ከራሱ ድርሻ ይቆረጥላቸዋል። እንግዳ የተቀበለው ሰው ውለታ እስከ ዛሬ በሥጋ እየተከፈለ ነው እንደ ማለት ነው። ሰማያዊውን አንበሪ ደግሞ አይነኩትም፤ አባቶቻችንን ከባሕር አውጥቷል ይላሉና።

በጽሑፍ ታሪክ የዚህ አካባቢ አንበሪ አዳኞች ስም የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1624 ነው። ጸሐፊው ያልታወቀ አንድ የፖርቱጋል ሰነድ የደሴቶቹ ሰዎች አንበሪን በጦር እየወጉ ዘይቱን እንደሚያወጡ ያወሳል፤ ዐንበርም ይሸጡ እንደ ነበር ይጠቁማል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1859ኙ የሊዝበን ስምምነት፣ ፖርቱጋል በእነዚህ ደሴቶች ላይ ያላትን ይገባኛል ለኔዘርላንድ ለቀቀች። በ1920 በርንሃርድ ቦደ የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ በላማሌራ ተቀመጠ። ከእርሱ ወዲህ መንደሪቱ ክርስቲያን ሆነች፤ ዛሬ የአደኑ ወራት በግንቦት መባቻ በባሕሩ ዳር በሚደረግ ቅዳሴ ይከፈታል፤ ጀልባዎቹም ጠበል ይረጫሉ። ይሁንና የቀደመው ሥርዓት አልተሻረም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ጀልባቸው ቴና ትባላለች። ርዝመቷ ዐሥር ሜትር ያህል ነው፤ ስትሠራ የብረት ሚስማር አይነካትም። ሳንቃ ከሳንቃ በእንጨት ችንካር ይያያዛል፤ ሸራዋም ከዘንባባ ቅጠል የተሸመነ ነው። የጠራቢው ሙያ ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ይተላለፋል እንጂ በወረቀት አልሰፈረም። እያንዳንዷ ጀልባ የአንድ ዘር ንብረት ናት፤ በባሕሩ ዳር የራሷ ቤት አላት፤ ሰዎቹም እንደ ሕያው ነገር ያከብሯታል።

አንበሪው ሲተነፍስ ውኃው ወደ ላይ ሲረጭ ያየ ሰው «ባሌዎ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ ላይኛው ሰፈር ይደርሳል። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ወንዶች በየጀልባቸው ይገባሉ። ከፊት ባለው የቀርከሃ መቆሚያ ላይ ላማፋ የሚባለው ጦረኛ ይቆማል። ከአንበሪው ጀርባ ዘንድ ሲደርሱ ጦሩን ይዞ እርሱ ራሱ ይዘላል፤ የክንዱ ኃይል ብቻውን ስለማይበቃ የሰውነቱን ክብደት በጦሩ ላይ ይጨምርበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። የተወጋው አንበሪ ጀልባዋን በገመዱ እየጎተተ ለሰዓታት ወደ ጥልቁ ባሕር ሊወስዳት፣ በጅራቱ ሊሰብራትም ይችላል። ስለዚህ በመካከላቸው ቂም ያለ ሰዎች ሳይታረቁ ወደ ባሕር አይወጡም። በየብስ ላይ የተደረገ ጥል ገመድ ይበጥሳል ብለው ያምናሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባላችን በዚያ መንደር ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ሥራ ነው።

ነገር ግን የላማሌራ ትልቁ ጥበብ በባሕር ላይ ሳይሆን በዳርቻው ላይ የሚታየው ነው። አንበሪው ተጎትቶ ከአሸዋው ሲደርስ እያንዳንዱ ብልት አስቀድሞ ባለቤት አለው። ለጦረኛው፣ ለቀዛፊዎቹ፣ ለጀልባዋ ጠራቢ፣ ጦሩን ለቀጠቀጠው አንጥረኛ፣ ሸራውን ለሠራው፣ ለጀልባዋ ዘር አባላት ሁሉ የተወሰነ ድርሻ ይደርሳል። ባል የሞተባትና አቅም ያጣው ሽማግሌም ከዘመድና ከጎረቤት ይደርሳቸዋል። ሥጋው በቤቱ ደጃፍ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ቋንጣ ይሆናል። ቀጥሎ ያለው ተራ የሴቶቹ ነው። ቋንጣውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ተራራማዎቹ መንደሮች ይወጣሉ፤ በሳምንት አንድ ቀንም በአጠገባቸው በዉላንዶኒ ገበያ ይቆማል። በዚያ ገበያ ብዙው ልውውጥ ያለ ገንዘብ ነው፤ አንድ ቁራጭ ቋንጣ በልማድ በዐሥራ ሁለት ራስ በቆሎ ወይም በዐሥራ ሁለት ሙዝ ይለወጣል። ወንዶቹ አንበሪውን ከባሕር ቢያወጡም እህል የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው።

ፈረንሳይኛ ጸሐፊው ዣን ዣክ ሩሶ በ1755 ስለ ሰው ልጆች እኩል አለመሆን በጻፈው መጽሐፉ አንድ ምሳሌ ይሰጣል። አጋዘን ለማደን የተስማሙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን ጥንቸል በአንዱ አጠገብ ብታልፍ ሰውየው ቦታውን ለቆ ይከተላታል፤ ባልንጀሮቹም አጋዘኑን ያጣሉ። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ማይክል አልቫርድና የሥራ ባልደረባው ዴቪድ ኖሊን ይህንን ጥያቄ ይዘው ላማሌራን አጥንተው በ2002 ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ያገኙትም ይህ ነው፤ በአንድነት አንበሪ የሚያድን ሰው ለብቻው በመረብ ዓሣ ከሚያጠምደው ይልቅ በነፍስ ወከፍ የተሻለ ሥጋ ያገኛል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ሁሉም በየመቅዘፊያው እስከ ቆየ ብቻ ነው። ለሩሶ ጥያቄ የላማሌራ መልስ የድርሻ ሕጉ ነው። ማንም ሰው ድርሻውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጥንቸሏን ለመከተል አይነሣም።

ይህን ያልተረዳ በጎ አሳቢ አንድ ጊዜ ሊረዳቸው መጥቶ ነበር። በ1973 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አደኑን ለማዘመን መርከብና አንድ ኖርዌያዊ አዳኝ ላከ። ሥራው ከሦስት ዓመት አላለፈም። የድርጅቱ የራሱ ዘገባ በመጨረሻ ሕዝቡ ለአገሩ ሀብትና ለባህሉ የሚስማማ ዘዴ አስቀድሞ እንዳለው መሰከረ። መርከቡ አንበሪን መግደል ይችል ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደሚካፈል ግን አያውቅም።

ዛሬ ጥንቸሎቹ በዝተዋል። ባለ ሞተር ጀልባ በጥቂት ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ለሞተሩ ባለቤትና ለነዳጁም ድርሻ ይጠየቃል። ሌላው ክርክር ከውጭ የመጣ ነው። የፋብሪካ መርከቦች በ20ኛው መቶ ዘመን ይህን ታላቅ አንበሪ በመቶ ሺዎች ከጨረሱት በኋላ፣ በ1986 የንግድ አደን በዓለም አቀፍ ደረጃ ታገደ። ላማሌራ ለዚያ ጥፋት ተጠያቂ አይደለችም፤ ሆኖም በ2009 የሳቩ ባሕር ጥብቅ ሥፍራ እንዲሆን ሲታሰብ ሕዝቧ ኑሯችን ሊወሰድ ነው ብሎ ተቃወመ። የቁጥሩ መመናመን የሚያሳስባቸው ሰዎች ሥጋትም ከንቱ አይደለም። ሁለቱም ወገን እውነት የያዘበት ክርክር በቀላሉ አይፈታም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቸል ግን ትምህርት ሳይሆን አይቀርም፤ ማንም ክፉ ሊለው የማይችለው ጥንቸል። ኢንዶኔዥያውያን ተማሪዎች የቋንቋን ሥርዓት ከመጻሕፍቱ የተማሩለት ጎሪስ ኬራፍ በ1936 የተወለደው በዚህች መንደር ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱንም በላማሌራ ንግግር ላይ ሠራ። ስለ ጀልባው፣ ስለ ጦሩ፣ ስለ ብልቱ የሚነገሩት የዚያ ቋንቋ ቃላት ሕይወት የሚኖራቸው የሚቀዝፍ እስካለ ድረስ ነው። የእኛ «አንበሪ» ፍጥረቱን ሳያይ በመጽሐፍ ውስጥ ተጠልሎ ዘመናትን ተሻግሯል። የላማሌራ ቃላት ግን ማደሪያቸው መጽሐፍ አይደለም፤ በየደጃፉ ቋንጣ ሲሰቀልና ድርሻ ሲቆጠር በሰው አፍ ላይ ናቸው። ያ ቆጠራ የቆመ ቀን መንደሪቱ ከምግቧ ይልቅ የምታጣው እርስ በርስ የምትጠራራበትን ቃል ነው።