በየክረምቱ የታየ ሥራ፦ የጉባው ግድብና የአጃይል ሥርዐት

የዐባይ ወንዝ የቤንሻንጉል ጉሙዝን ክልል ለሁለት ከፍሎ፣ መተከልን በስተሰሜን፣ አሶሳንና ካማሺን በስተደቡብ ትቶ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ከጠረፉ ሳይደርስ በጉባ ወረዳ ተራሮች ግራና ቀኝ ያጠብቡታል። ስፍራው ለግድብ የተመቸ መሆኑን እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 የዐባይን ተፋሰስ ያጠኑት አሜሪካውያን መሐንዲሶች አስቀድመው ጽፈውታል፤ ነገር ግን ከካራዶቢ፣ ከማቢልና ከመንዳያ ጋራ አራተኛ ሆኖ የተቈጠረው ያ የጠረፍ ግድብ ያመነጫል ተብሎ የታሰበው 1,400 ሜጋ ዋት ብቻ ነበረ።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያ ስፍራ የግድቡን የመሠረት ድንጋይ ሲያኖሩ የተነገረው ኃይል 5,250 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ጥቂት ቈይቶ 6,000፣ ኋላም 6,450 ተባለ፤ በፍጻሜው ግን 13 ተርባይኖች ተተክለው 5,150 ሆነ፤ ይኸውም ሁለቱ እያንዳንዳቸው 375፣ የቀሩት 11 ደግሞ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ስለ ሆኑ ነው። ይህን የቍጥር መለዋወጥ የዕቅድ ጉድለት ምልክት አድርጎ የሚወቅስ ሰው አለ፤ ወቀሳውም ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሶፍትዌር ሠሪዎች አጃይል የሚሉትን ሥርዐት ለሚያውቅ ሰው፣ ዛሬም በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለሚማረው ወጣት፣ ከቍጥሩ መለወጥ ይልቅ የሚያስደንቀው ሥራው በየምዕራፉ እየታየና እየታረመ የሄደበት መንገድ ነው።

ሥርዐቱ የተወለደው ከብዙ ኪሳራ በኋላ ነው። ዊንስተን ሮይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሚፈለገውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ፣ ከዚያም ንድፉን፣ ቀጥሎም ኮዱን፣ በመጨረሻም ፍተሻውን በቅደም ተከተል ብቻ መፈጸም አደገኛ መሆኑን ቢያስጠነቅቅም፣ አንባቢው የቅደም ተከተሉን ሥዕል ይዞ ማስጠንቀቂያውን ጣለው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ደክሞ የሠራውን ሶፍትዌር በርክክብ ቀን ማንም የማይፈልገው ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ግን 17 የሙያው ሊቃውንት በዩታ ተራሮች መካከል ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው፣ ከወፍራም ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ ዕቅድን ሙጭጭ ብሎ ከመያዝ ይልቅ ለለውጥ መልስ መስጠት እንደሚበልጥ ባጭር ቃል ደነገጉ። ከዚያ በፊት የተጀመረው ስክረም የተባለው አሠራርም ሥራውን ስፕሪንት በሚባሉ፣ ከአንድ ወር በማይበልጡ ክፍለ ጊዜያት ከፋፍሎ፣ በየስፕሪንቱ መጨረሻ ሠሪዎቹ የተፈጸመውን ለባለ ጉዳዩ እንዲያሳዩ (ይህም ዴሞ ይባላል)፣ ስለ አሠራራቸውም እርስ በርስ እንዲመካከሩ ያዛል። የአሶሳ ወርቅ አጣቢ ጐድጓዳ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አዙሮና አዘንብሎ፣ የቀረውን አይቶ ደግሞ እንደሚነክር ማለት ነው።

በጉባ የስፕሪንቱን ልክ የወሰነው የሰው ቀጠሮ ሳይሆን ዝናቡ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ እንደ ለየችው ሁሉ፣ ለግድቡ ሠራተኞችም ይህ ወራት የማይገፋ የርክክብ ቀን ነበረ። ግራና ቀኝ ያሉት የግድቡ ክንፎች ከፍ ብለው ሲሠሩ መካከሉ ሆን ተብሎ ዝቅ ብሎ ይቈይ ነበረ፤ በበጋ ኮንክሪቱ በስስ ድርብ እየተነጠፈ፣ በሮለርም እየተዳመጠ መካከሉ ከፍ ይደረግ ነበረ፤ ክረምቱ ሲገባ ደራሹ ውሃ ከግድቡ በስተኋላ ተኝቶ፣ በበጋው የተጨመረውን ከፍታ ሲሞላ በመካከሉ አናት ላይ እየነጣ ይወርድ ነበረ። ያን ጊዜ የዓመቱ ሙሌት መፈጸሙ ይታወቅ ነበረ፤ ሪፖርት ማንበብ አያስፈልግም ነበረ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተያዘ፤ ሁለተኛው ሙሌት በሐምሌ 2013፣ ሦስተኛው በነሐሴ 2014፣ አራተኛው በጳጉሜ 2015 ተከተለ፤ ሐይቁ ሲሞላ የሚይዘው ግን 74 ቢሊዮን ነው። ጭነቱ እንዲህ ቀስ በቀስ መጨመሩም መሐንዲሶቹ የመሠረቱንና የግድቡን ጠባይ በየደረጃው እንዲለኩ ጊዜ ሰጣቸው።

በዚያው ግድብ ውስጥ ግን ሌላው፣ በየምዕራፉ የማይታየው አሠራርም ነበረ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለት ሜቴክ፣ የተረከበው የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ እንደ ኮንክሪቱ በየክረምቱ በውሃ የሚመሰከር አልነበረም፤ ስለዚህ ዓመታት አልፈው አንድም ተርባይን ሳይዞር ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ማረፋቸው ተሰማ፤ በቀጣዩ ወር መንግሥት ሥራውን ከሜቴክ እጅ አወጣ፤ ኢንጂነር ክፍሌ ሆሮ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተተኩ፤ ከአውሮፓና ከቻይና ኩባንያዎችም ጋራ አዲስ ውል ተፈረመ። የተርባይኖቹ ቍጥር ወደ 13 የወረደው በዚህ ክለሳ ነው።

ከክለሳው በኋላ የተደረገውን አንድ ውሳኔ ከሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ፤ ይኸውም ሐይቁ እስኪሞላ ሳይጠበቅ፣ በዝቅተኛ የውሃ ከፍታ ሊሠሩ የሚችሉት ሁለቱ ባለ 375 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ቀድመው እንዲነሡ መደረጉ ነው። የመጀመሪያው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ሁለተኛውም ነሐሴ 5 ቀን ተከተለው፤ ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመመረቁ ከሦስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ማገልገል ያዘ። አንድ የአዲስ አበባ ሶፍትዌር ሠሪ ያልተፈጸመ መተግበሪያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች አስቀድሞ ሲለቅ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ምስጋናውን ግን ከልክ ማሳለፍ አይገባም። የተሳሳተ ኮድ ዛሬ ተሠርዞ ነገ ይጻፋል፤ 145 ሜትር ከፍታ የተሸከመ መሠረት ግን ከተደፈነ በኋላ አይከለስም፤ ስለዚህ ዐለቱን የመፈተሽና የማጽዳት፣ የወንዙን አካሄድ የመለወጥ ሥራ፣ ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. እንደ ተደረገው፣ አንድ ጊዜና በትክክል መፈጸም ነበረበት። አጃይል ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው የሚሉ አማካሪዎች ይህን ልዩነት ሲዘነጉ እሰማለሁ።

ሥርዐቱ ደግሞ ከሠሪዎቹ ጋራ ተቀምጦ በተጠቃሚው ስም የሚናገር ሰው እንዲኖር ያዛል። ለግድቡ ቦንድ የገዛውና የወር ደመወዙን የሰጠው ሕዝብ በየክረምቱ በቴሌቪዥን ዴሞውን አይቷል፤ የ500 ኪሎ ቮልት መሥመሩም ከጉባ ተነሥቶ በደዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ይዘልቃል። ከወንዙ ዳር ተነሥተው በሌላ መንደር የሰፈሩት የጉሙዝ ቤተሰቦች ስለ እያንዳንዱ ሙሌት ምን እንዳሉ፣ ማንስ እንደ ጠየቃቸው፣ ከመሐንዲሶቹ መዝገብ ጋራ አብሮ ሊጻፍ ይገባዋል፤ የዚህን ሥራ ሙሉ ታሪክ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ቢነሣም፣ ከአዲስ አበባ ቢሮዎች በፊት ወደ እነዚያ መንደሮች ቢሄድ እመርጣለሁ።