ጓደኛ እንዲህ አያደርግም፦ የልምምድ ፍልሚያ ታሪክ

በ1987 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ደሴ ውስጥ፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ቴኳንዶ ጀመርኩ። ዕድሜዬ 14 ነበር። እናቴ አቡጀዲ ገዝታ ሰፈራችን ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ዶቦክ፣ የቴኳንዶ ልብስ፣ አሰፋችልኝ፤ ገና ውኃ ስላልነካው ስራመድ ይንኮሻኮሽ ነበር። የአዳራሹ ወለል ሊሾ ሲሚንቶ ነው። ጓንት የለም፣ የጥርስ መከላከያ የለም። ያለን ዕቃ ከጣሪያው ወራጅ ላይ የተንጠለጠለ፣ አሸዋና ቡትቶ የተጠቀጠቀበት አንድ ጆንያ ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በሰልፍ ቆመን ረገጥን፣ ቡጢ ሰነዘርን፣ የመጀመሪያውን ፓተርን፣ ማለትም የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ እየቆጠርን አጠናን። በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ "ዛሬ ስፓሪንግ ነው" ተባለ፤ የልምምድ ፍልሚያ ማለት ነው።

ከፊቴ የቆመው ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቀ፣ በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ልጅ ነበር። ጎንበስ ብለን ሰላምታ ተሰጣጣን። "ጀምሩ" ሲባል ሁለት ወር የለፋሁበት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ግድግዳው ሲያቆመኝ እጄን ዘርግቼ ልመክት ሞከርኩ፤ የግራ አውራ ጣቴ ከሚመጣው እግር ጋር ተጋጭቶ ወለቀ። አሠልጣኙ አዩኝና "ይለመዳል" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻዋ አሮጊት ናቸው፤ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ጣቴን እያሻሹ ወሬ አስጀመሩኝ።

"ማነው እንዲህ ያደረገህ ልጄ?"

"ጓደኛዬ ነው እማማ፤ ስንለማመድ።"

"ጓደኛ እንዲህ አያደርግም። ወይ እሱ ጓደኛህ አይደለም፣ ወይ የያዛችሁት ልምምድ አይደለም" አሉና፣ እኔ መልስ ስፈልግ ጣቴን ስበው ቦታው አስገቡት።

ዛሬ እኔ ራሴ አሠልጣኝ ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል ከነጭ ቀበቶዎች ጋር ቆሜአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስለዚህ ሙያ ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ደጋግሜ የደረስኩበት እውነት ግን ወጌሻዋ ያኔ ያሉኝ ነው። ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አቁሞ የማፋለም ልምምድ የተፈጠረው ሰውን በድብደባ ለማጠንከር አይደለም። ሰው ሳይሞትና ሳይሰበር እውነተኛ ፍልሚያ እንዲማር ነው።

ከጃፓን ሰይፈኞች ልጀምር። ሰይፍ የሚማር ሰው ለረጅም ዘመን የሚለማመደው በእንጨት ሰይፍ፣ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል ነበር። የእንጨት ሰይፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሙሉ ኃይል ከተሰነዘረ የራስ ቅል ይፈነክታል። ስለዚህ ተማሪዎች ወይ እጃቸውን ገትተው ይሰነዝራሉ፣ ወይ ይገዳደላሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ናጋኑማ ሺሮዛኤሞን የተባለው መምህር ከቀርከሃ የተሠራ ሰይፍና የራስ፣ የእጅ መከላከያ አሻሽሎ ለተማሪዎቹ ሰጠ። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ናካኒሺ ቹዞ የብረት ፍርግርግ ያለው የፊት መከላከያና ከቀርከሃ የተሠራ የደረት ጥሩር ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ተማሪዎች በሙሉ ልባቸው ተፋልመው፣ ማታ ሁለቱም በእግራቸው ወደ ቤታቸው መሄድ ቻሉ። ዛሬ ኬንዶ የሚባለው የጃፓን የሰይፍ ስፖርት ከዚህ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን ለንደን ላይ ጃክ ብራውተን የሚባል ቦክሰኛ ነበር። በባዶ እጅ ይገጥም በነበረበት ጊዜ ከሱ ጋር የተፋለመ ሰው በደረሰበት ጉዳት እንደሞተና ይህም ብራውተንን በብርቱ እንደነካው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1743 (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለግጥሚያ የሚሆኑ ደንቦች አወጣ፤ አንዱ የወደቀ ሰው እንዳይመታ የሚከለክል ነው። በ1747 ደግሞ ስለ ቦክስ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ተማሪዎቹ ዓይናቸው እንዳይጠቁር፣ መንጋጋቸው እንዳይሰበር፣ አፍንጫቸው እንዳይደማ ልል ጓንት እንደሚያዘጋጅላቸው ቃል ገባ። ይህን ልብ በሉልኝ። የቦክስ ጓንት የተወለደው በልምምድ ቤት ነው። ለሽልማት የሚደረገው ግጥሚያ ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ በባዶ እጅ ሲካሄድ ኖረ፤ ጓንትን ግዴታ ያደረጉት የኩዊንስበሪ ደንቦች የወጡት በ1867 ነው። ከተፋላሚው አስቀድሞ የታሰበለት ተማሪው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤ ውስጥ የገባው ግን የጁዶ መሥራች የጂጎሮ ካኖ ታሪክ ነው። ካኖ በ1860 የተወለደ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከስድሳ በታች የሆነ፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ቶኪዮ ሲማር ጉልበተኞች ያሠቃዩት ነበር። ጁጂትሱ የተባለውን የድሮ የጃፓን ትግል ተምሮ ራሱን ሊከላከል ፈለገ፤ መምህር ግን በቀላሉ አልተገኘም። ከ1868ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሳሙራይ ሥርዓት ፈርሶ፣ የድሮ ጥበብ ተንቆ፣ መምህራኑ ሥራ ፈትተው ነበርና ብዙዎቹ የወለቀና የተሰበረ አጥንት በመጠገን ይተዳደሩ ነበር። ስለዚህ ካኖ ቶኪዮ ውስጥ ወጌሻ እያፈላለገ ይጠይቅ ጀመር። በ1877 አንዱ ወጌሻ ወደ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ላከው። ይህን ያነበብኩ ቀን ቅቤ ቅቤ የሚሸት የወጌሻዋ እጅ ትዝ አለኝ።

የፉኩዳ ልምምድ ቤት ጠባብ ነበረች፤ መምህሩ ግን ከቅደም ተከተል ጥናት ይልቅ ነጻ ትግል የሚያስበልጡ ነበሩ። አንድ ቀን መምህሩ ካኖን ጣሉት። ካኖ ተነሥቶ "በምን ዓይነት ዘዴ ነው የጣሉኝ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ ሌላ መውደቅ ሆነ። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ ወደቀ። እጁ በየት፣ እግሩ በየት እንደሚሄድ ቢጠይቅም መምህሩ ዕውቀቱ በመደጋገም እንደሚገኝ ብቻ ነገሩት። ካኖ በዚያ ጊዜ ሰውነቱ በቁስል መድኃኒት እንደተለቀለቀ ይውል ነበር። የለበሰው ሸካራ ጃኬት ተቦጫጭቆ ዛሬም እሱ በኋላ በመሠረተው ኮዶካን በተባለው የጁዶ ማዕከል ይታያል።

በልምምድ ቤቱ ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር፤ ካኖ በምንም ብልሃት ሊጥለው አልቻለም። እዚህ ላይ ነው ካኖ ከብዙዎቻችን የተለየው። መሸነፉን እንደ ውርደት ወስዶ አልቀረም፤ ዝም ብሎም "ይለመዳል" አላለም። የሱሞ ትግል ስልቶችን አጠና፣ ስለ ምዕራባውያን ትግል የተጻፉ መጻሕፍትን ፈለገ። በመጨረሻ ከትልቁ ሰው ሥር ገብቶ በትከሻው የሚያነሣበትን ስልት አገኘና ፉኩሺማን ጣለው። ስልቱ ካታ ጉሩማ በሚል ስም እስከ ዛሬ በጁዶ ውስጥ አለ። ደጋግሞ የጣለው ያ ግዙፍ ሰው በመጨረሻ መምህሩ ሆነ ማለት ነው።

ፉኩዳ በ1879 ሞቱ። ካኖ በሌሎች ሁለት መምህራን ሥር ቀጥሎ፣ በ1882 ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በ12 ምንጣፍ ላይ፣ በጥቂት ተማሪዎች ኮዶካንን መሠረተ። የወለሉ መንቀጥቀጥ ቤተ መቅደሱን ስላስቸገረ ካኖ ራሱ ከወለሉ ሥር እየገባ ይጠግን ነበር ይባላል። እዚያ ያደረገው ነገር የመላውን ዓለም ልምምድ ለወጠ። ሰው ሳይጎዱ በሙሉ ኃይል ሊሠሩ የማይችሉትን ስልቶች፣ ምትና አንዳንድ የመገጣጠሚያ ጥምዘዛን፣ ከነጻ ትግሉ አወጣ። አዲስ ገቢ ሰውን መጣል ከመማሩ በፊት መውደቅ እንዲማር አደረገ፦ አገጭን ወደ ደረት መሳብ፣ ምንጣፉን በክንድ መምታት፣ ትንፋሽን ማውጣት። በኋላም የትምህርቱን ፍሬ ሲያጠቃልል ከሁለቱ መሪ ቃሎቹ አንዱን "አንተም ሌላውም አብራችሁ ልሙ" የሚል አደረገው። ያለ ጓደኛ ትግል አይለመድምና፣ ጓደኛውን የሚሰብር ሰው የራሱን ትምህርት ቤት ያፈርሳል። ወጌሻዋ ያሉኝም ይህንኑ ነው።

በምትና በርግጫ ጥበብ ነገሩ ይበልጥ ከባድ ነበር። ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ሲያመጣ የሚያስተምረው በአብዛኛው ካታ፣ ማለትም አስቀድሞ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ ነበር። ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ግን እርስ በርስ መፈተን ፈለጉ፤ አንዳንዶቹ የኬንዶ መከላከያ ለብሰው ይደባደቡ ጀመር። ፉናኮሺ ይህን አልወደደም። መካከለኛው መንገድ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው፦ መጀመሪያ አጥቂው የት እንደሚመታ አስታውቆ አምስት ጊዜ እየገፋ ይሰነዝራል፤ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፤ ከዚያ በኋላ ነው ነጻ ፍልሚያ። የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር ያካሄደው በ1957 ነው፤ ፉናኮሺ የሞተውም በዚያው ዓመት ነበር።

ጃፓን ውስጥ ካራቴ የተማረው ኮሪያዊው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ፣ ቴኳንዶ የሚለው ስም በ1955 ሲወጣ ግንባር ቀደም የነበረ፣ በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን የመሠረተ ሰው ነው። በእርሱ ሥርዓትም ያው መሰላል አለ፦ ሦስት እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ አንድ እርምጃ፣ ከፊል ነጻ፣ ነጻ። እኔ በ14 ዓመቴ ከመሬት ተነሥቼ አምስተኛው ደረጃ ላይ ተሰቅዬ ነበር። የወደቅሁት መሰላሉ ተወስዶብኝ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ፈሪ በመሆኔ ይመስለኝ ነበር።

ጣቴ ሲድን አንድ ወር ሙሉ አዳራሹ ዝር አላልኩም። የመለሰችኝ ቀይ ቀበቶ የነበረች፣ እኛ ሰፈር የምትኖር ልጅ ናት። መንገድ ላይ አገኘችኝና "ና፣ ከኔ ጋር ትሠራለህ" አለችኝ። ጥግ ይዘን ቆምን። "እኔ በቀስታ እሰነዝራለሁ፤ አንተ አትምታ፣ እያየህ መክት ብቻ። ዓይንህን ከጨፈንክ አቆማለሁ" አለችኝ። ርግጫዋ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ደረቴ ላይ ደርሶ እንደ መዳፍ ዳሰሰኝና ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ፍጥነቷን ስትጨምር አልታወቀኝም ነበር። ስለ ካኖም ስለ ፉናኮሺም ሰምታ አታውቅም፤ የሠራችው ግን እነሱ የደከሙበትን ነው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ቴኳንዶ ሲወዳደር በቴሌቪዥን አየሁት። የራስ መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያ፣ ምት የሚቆጥር የኤሌክትሮኒክስ ደረት መከላከያ ለብሷል። የኦሊምፒኩ አዘጋጅ ቶኪዮ ካኖ በቁስል መድኃኒት ተለቅልቆ የተመላለሰባት ከተማ ናት። ከቀርከሃው ጥሩር እስከዚህ ያለው መንገድ አንድ መንገድ ሆኖ ታየኝ።

ለዚህ ነው በኔ አዳራሽ አዲስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነጻ ፍልሚያ የማይገባው። መጀመሪያ መውደቅ፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ በቀስታ መዳሰስ። ሁለት ሰዎች ሲገጥሙ ተጠያቂው ባለ ትልቁ ቀበቶ ነው፤ ትንሹ ከተጎዳ ትልቁን አስቆመዋለሁ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው ወይም ራሱን ያመመው ልጅ የዚያን ቀን ልምምዱ አብቅቷል፤ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

የመጀመሪያ ስፓሪንግህ ካሳፈረህ፣ አንቺም ከአዳራሹ ወጥተሽ መንገድ ላይ ካለቀስሽ፣ የደረሰባችሁ ነገር ካኖም ላይ ደርሷል። መደንገጥ፣ የተማሩትን መርሳት፣ ትንፋሽ መያዝ የጀማሪ ሁሉ ዕጣ ነው። ትንፋሻችሁን አውጡ፣ ዓይናችሁን ግለጡ፣ በቀስታ የሚያሠራችሁን ሰው ለምኑ፤ ያሸነፋችሁን ሰውም እንዴት እንዳሸነፋችሁ ጠይቁት። ጠይቃችሁ የሚመልስላችሁ፣ ለምናችሁ የሚቀንስላችሁ ሰው ከጠፋ ግን ሌላ አዳራሽ ፈልጉ፤ ይህ ሽሽት አይደለም።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ አሠልጣኞችም አንድ ቃል አለኝ። "ይለመዳል" ትምህርት አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ጓንቱንም፣ ጥሩሩንም፣ መሰላሉንም የሠሩት ለተማሪ አዝነው ነው። ነጭ ቀበቶ በአደራ የተሰጠን የሰው ልጅ ነው፤ ስንቀበለው እንደነበረ፣ ሙሉ አካሉን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይመለስ።