ሰው ራሱን ሊመረምር በተነሣ ጊዜ፤ የሳይኮሎጂና የሶሲዮሎጂ አጭር ታሪክ



የሰው ልጅ የከዋክብትን አካሄድ መቍጠርና የምድርን ስፋት መለካት ከጀመረ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የራሱን አእምሮ ግን በመሣሪያና በቍጥር መመርመር የጀመረው ከ150 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ሳይኮሎጂ የአንዱን ሰው አእምሮና ጠባይ፣ ሶሲዮሎጂ ደግሞ ሰዎች በኅብረት ሲኖሩ የሚያቆሙትን ሥርዓት ያጠናል። ሁለቱም ተማሪን፣ መምህርንና ወላጅን የሚመለከት ነገር ስላለባቸው ታሪካቸውን ባጭሩ ለማቅረብ አስቤአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተናግረዋል። ዊልሄልም ቩንት የተባለው ጀርመናዊ በ1879 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ባቋቋመ ጊዜ ግን ነገሩ ከክርክር ወደ ሙከራ ተሸጋገረ። እዚያም ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ የሚያልፈው ቅጽበት በመሣሪያ ይለካ ነበር። በ1885 ደግሞ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ስለ ማስታወስ የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ። ይህ ሰው ትርጕም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየደረደረ ራሱ በቃሉ ያጠናና ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ምን ያህል እንደ ቀረለት ይመረምር ነበር። ያገኘውም፣ የተጠናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ የቀረው ግን ቀስ እያለ እንደሚጠፋ፣ ደግሞም በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ይልቅ በልዩ ልዩ ቀን ተከፋፍሎ የተጠናው የተሻለ እንደሚቈይ ነው። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የምናበራ ተማሪዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮንት ሲሆን፣ ጊዜውም የ1830ዎቹ መጨረሻ ነው። ትምህርቱን በማስረጃ ካጸኑት ሊቃውንት አንዱ ኤሚል ዱርኬም በ1897 ባወጣው መጽሐፍ ራሳቸውን ስለሚገድሉ ሰዎች የልዩ ልዩ አገሮችን መዝገብ አመሳከረ። ነገሩ ሲያዩት የአንድ ሰው የብቻ ኀዘን ይመስላል። እርሱ ግን ቍጥሩ በየአገሩ ከዓመት ወደ ዓመት ብዙ እንደማይለዋወጥ፣ ቤተ ሰብ ባላቸውም ዘንድ ከብቸኞቹ ያነሰ እንደ ሆነ አሳየ። ስለዚህ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ገመድ ሲላላ አደጋው እንደሚበዛ አስተማረ። እድርን፣ ዕቁብንና ደቦን ለሚያውቅ ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ሰምቶ አድጓልና።

ይሁን እንጂ ሰውን የሚለካ መሣሪያ እንደ ያዘው እጅ ይጠቅማል፤ ይጎዳልም። ለዚህ የአልፍሬድ ቢኔ ታሪክ ምስክር ነው። በ1904 የፈረንሳይ መንግሥት በትምህርት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ልጆች የሚያጠና ኮሚሲዮን አቆመ። ቢኔም ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ 30 ጥያቄዎችን አዘጋጀ። አሳቡ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር። የልጅ አእምሮ ተወስኖ የተሰጠ፣ ሊጨመርበት የማይቻል ነው የሚሉትንም በ1909 ባወጣው መጽሐፍ አጥብቆ ተቃወመ። በ1911 ሞተ።

ፈተናው ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን ብዙዎች ለመፍረድ ተጠቀሙበት። ኬሪ በክ የተባለች የቨርጂንያ ወጣት ሴት በዚሁ ዓይነት ፈተና አእምሮዋ ደካማ ነው ተባለ። በ1927ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ፈቀደ፣ ዳግመኛ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደረገባት። አስቀድማ የወለደቻት ሕፃንም በጥቂት ወር ዕድሜዋ ከደካሞች ተቈጥራ ነበር። ያችው ሕፃን ትምህርት ቤት ስትገባ ስሟ በጉብዝና ከሚመሰገኑት ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ። በእናትየዋ ላይ ግን ፍርዱ አስቀድሞ ተፈጽሞ ነበር።

ሁለቱ ትምህርቶች ለፍትሕ የቆሙበትም ጊዜ አለ። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቍር አሜሪካውያን ባልና ሚስት በቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶችን ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቍር ልጆች እያቀረቡ መልካሙ የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁ። አብዛኞቹ ልጆች ነጩን መረጡ። ይህን አስተያየት ይዘው አልተወለዱም፤ ከአካባቢያቸው ተማሩት እንጂ። ልጅ የኅብረተ ሰቡን አስተያየት የራሱ አድርጎ የሚቀበልበትን መንገድ ሶሲዮሎጂ ሶሻላይዜሽን ይለዋል፤ በልጁ ልብ የሚተወውን ቍስል ደግሞ ሳይኮሎጂ ይመረምራል። በሜይ 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቍርና ነጭ ልጆችን መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብለው በአንድ ድምፅ ሲፈርዱ፣ የኬኔት ክላርክ ጽሑፍ በፍርዱ ማስታወሻ ላይ ተጠቀሰ።

ክቡራን መምህራንና ወላጆች፤ በዚህ ዓመት የመልቀቂያ ፈተና ከምንቀመጠው ተማሪዎች መካከል የማያልፉ ይኖራሉ። ፈተናው በዚያ ቀን ያወቅነውን ይነግራችኋል፤ ነገ ልንማር የምንችለውን ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ለወደቀው ልጅ ቢኔ እንዳሰበው አስቡለት፤ የጐደለውን ፈልጋችሁ ርዱት እንጂ ስም አታውጡለት። እኛም ተማሪዎች ነገ በተራችን መምህራን፣ ሐኪሞችና ዳኞች ሆነን ሌላውን ስንመዝን ይህን ታሪክ እንዳንረሳ አደራ እላለሁ።